41 ላይ የማይደርስ ቆጠራ፦ ክፉ ሐሳብ ያሠቃያት የአንዲት ወጣት ጉዳይ

ወደ እኔ እንዴት መጣች

የአእምሮ ሕመም ሕክምና ባለሙያ ነኝ። ይህችን ወጣት ወደ እኔ የላካት የጥርስ ሐኪም ነው። መንጋጋዋ አብጦ፣ ሁለት ጥርሷን ልታስነቅል ሄዳ ነበር። ሐኪሙ በ24 ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ ያን ያህል የተበላሸ ጥርስ ማየቱ አስደነገጠውና "አትቦርሺም እንዴ?" አላት። አለቀሰች። ቆየት ብላ "በጾም ቀን አልቦርሽም፤ ውኃ እውጣለሁ ብዬ እፈራለሁ" አለችው።

የኦርቶዶክስ ምእመናን የሚጾሟቸው ቀናት በዓመት ወደ 180 ይደርሳሉ። ግማሽ ዓመት ማለት ነው። በቀሩት ቀናትም ቢሆን "ዛሬ ጾም ሆኖ ረስቼው ቢሆንስ?" እያለች ትተወው ነበር። ሐኪሙ ጥርሱን ነቅሎ ቢሸኛት ማንም አይወቅሰውም። እሱ ግን ቁጭ ብሎ አዳመጣት፤ ከዚያ የእኔን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ሰጣት። እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ይህን የምጽፈው በእሷና በእናቷ ፈቃድ ነው። ማንነቷን የሚጠቁሙ ዝርዝሮችን ለውጫለሁ። የጻፍኩት በሁለት ምክንያት ነው። ኦሲዲ ወይም አባዜ የሚባለው ይህ የአእምሮ ሕመም እጅ ከመታጠብና ቤት ከማጽዳት ጋር ብቻ ስለሚያያዝ፣ በሐሳብና በጸሎት ውስጥ ሲመጣ ብዙ ሰው አያውቀውም። በሕክምናው መሐል ደግሞ እኔ ራሴ የሠራሁት ስሕተት አለ፤ ሌላ ባለሙያ እንዳይደግመው እፈልጋለሁ።

ዳራ

ያደገችው አዲስ አበባ ነው። አባቷ የሞቱት ዘጠነኛ ክፍል እያለች ነው። እናቷ ጉሊት ነግደው ሦስት ልጆች አሳደጉ። እሷ የመጀመሪያ ልጅ ናት። በሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነበረች። በአካውንቲንግ ተመርቃ በአንድ የግል ድርጅት ሒሳብ ክፍል ተቀጠረች።

እናቷ መጀመሪያ ቀን የነገሩኝ እንዲህ ነው፦ "ጭንቅላቷ ስለታም ነው፤ ብዙ ማሰብ ነው የጎዳት።" ይህን አባባል ከብዙ ቤተሰብ እሰማዋለሁ። ሕመሙ የብሩህ ሰዎች ነው የሚለው እምነት ከሥነ ልቦና ባለሙያዎችም ዘንድ ለረጅም ዘመን ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ 98 ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ ግን ይህን አልደገፈም። የታካሚዎቹ የአእምሮ ብቃት ውጤት እንደማንኛውም ሰው በመደበኛው ክልል ውስጥ ነው የተገኘው። ይህን ለእናቷ ማስረዳት ነበረብኝ፤ ምክንያቱም "ማንበብ ይቅርባት" ብለው መጻሕፍቷን ቆልፈውባት ነበር።

ችግሩ

የመጀመሪያው ሐሳብ የመጣባት በ19 ዓመቷ፣ ቅዳሴ ላይ ቆማ ነው። ካህኑ ሊያቆርቡ ሲወጡ አንድ ጸያፍ ስድብ በአእምሮዋ ብልጭ አለ። ስድቡ ምን እንደነበረ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ደነገጠች። "በውስጤ ባይኖር ከየት ይመጣል?" ብላ ራሷን መመርመር ያዘች። በሚቀጥለው እሑድ "ዛሬ እንዳይመጣ" እያለች ገባች። መጣ።

ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ ቤቷ ድረስ ተከተላት። ማታ ማታ መቁጠሪያ ይዛ 41 ጊዜ ኪርያላይሶን ትላለች። መሐል ላይ ስድቡ ብልጭ ካለ ያ ቆጠራ ረክሷል፤ ከአንድ ይጀመራል። 30 ላይ ደርሳ ትመለሳለች። 36 ላይ ደርሳ ትመለሳለች። መቁጠሪያዋን አሳይታኛለች። ከጥቁር ክር የተሠራ ነው። ከመስቀሉ አጠገብ ያሉት የመጀመሪያ ቋጠሮዎች ተበልተው ነጥተዋል፣ ክራቸውም ተንጨፍርሯል። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ቋጠሮዎች ግን ዛሬ ከሱቅ የወጡ ይመስላሉ።

20 ደቂቃ ይፈጅ የነበረው ጸሎት ሦስት ሰዓት መፍጀት ጀመረ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥታ እንኳ ሥራ አርፍዳ ትገባለች። መሥሪያ ቤት ሦስት ማስጠንቀቂያ ሲደርሳት ራሷ ለቀቀች። ሁለት ዓመት ሙሉ አልቆረበችም። ወደ ንስሐ አባቷ በሳምንት ሦስትና አራት ጊዜ ትሄዳለች፤ በመሐሉ ደግሞ ትደውላለች። የጾም ቀን ምራቋን መዋጥ ስለምትፈራ ሶፍት ይዛ ትዞራለች።

እናቷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲያረጋግጡላት ይውላሉ። "ውኃ ዋጥኩ እንዴ?" "አልዋጥሽም የኔ እናት።" "ስጸልይ ከንፈሬ ሌላ ነገር አላለም?" "አላለም።" በቀን ስንት ጊዜ እንደምትጠይቃቸው እንዲቆጥሩልኝ ለመንኳቸው። እሳቸውም ለአንድ ጥያቄ አንድ ሽምብራ ብርጭቆ ውስጥ እየጣሉ ዋሉ። ማታ 34 ሽምብራ ሆነ።

ከእኔ በፊት የተሞከረው

እናቷ ሁለት ሱባዔ ጠበል አስጠመቋት። የመጀመሪያው ሳምንት ቀለል አላት። በሁለተኛው ሳምንት ጠበሉን ስትጠጣ ያው ስድብ መጣ። "ጠበሉን አረከስኩት" ብላ ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። ጠበል መሄዷ ስሕተት ነበር አልልም። እሷ ጋ እምነቷ ትልቅ አቅም ነው፤ በኋላም የታገዝነው በእሱ ነው። ግን ሕመሙ ጸሎቱን እንደያዘው ጠበሉንም ይዞት ነበር።

ቀጥሎ ወደ አንድ የሕክምና ተቋም ሄዱ። "ድምፅ ይሰማሻል?" ተባለች። "አዎ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ይሳደባል" አለች። ሃሎፔሪዶል ታዘዘላት። ይህ ሳይኮሲስ ላለበት፣ ማለትም ከእውነታው ተለይቶ የሌለ ድምፅ ለሚሰማ ሰው የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ሰውነቷ ተገታተረ፣ አንገቷ ደረቀ፤ ሐሳቡ ግን እንደነበረ ቀጠለ። ከሁለት ወር በኋላ አቆመችው። "መድኃኒትም እምቢ አለኝ፤ እንግዲህ የእኔስ እርግማን ነው" ያለችው ያኔ ነው።

ምርመራው

በመጀመሪያው ቀጠሮ አንድ ጥያቄ ብዙ ነገር ፈታልን። "ይህ የሚሳደበው ድምፅ በጆሮሽ እንደ እኔ ድምፅ ይሰማል? ወይስ ሐሳብ ነው?" አልኳት። "ሐሳብ ነው።" "የማን ሐሳብ ነው?" ቀና ብላ አየችኝ። "የራሴ ነዋ! ለዚህ አይደል የምፈራው።"

ሐሳቡ የራሷ መሆኑን ታውቃለች፣ አትፈልገውም፣ ትታገለዋለች። ይህ ሳይኮሲስ አይደለም። በሕክምናው ስም ኦብሴሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር ነው፤ ከተማ ውስጥ ኦሲዲ ይሉታል። እኔ ከታካሚዎቼ ጋር አባዜ እለዋለሁ። ሙስሊም ታካሚዎቼ ወስዋስ ይሉታል፤ ውዱዕ ደጋግሞ ማድረግና ሶላትን ከመጀመሪያው መጀመር በእነሱ ዘንድ የማየው መልኩ ነው። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው ሁለት ወይም ሦስቱን በሕይወት ዘመናቸው ይይዛል። ከሃይማኖት ጋር ለተያያዘው ዓይነት አውሮፓውያን የሰጡት ስም የመጣው "ትንሽ ሹል ጠጠር" ከሚል የላቲን ቃል ነው። ይህን ስነግራት "ልክ ነው፣ ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር ነው" አለች።

ክብደቱን የመዘንኩት በዬል ብራውን መለኪያ ነው። 10 ጥያቄ አለው፤ ከ0 እስከ 40 ይሰጣል። እሷ 29 አገኘች። ከ24 እስከ 31 ያለው ከባድ ይባላል። ራሷን ስለ መጉዳት በቀጥታ ጠየቅኋት። "ባልኖር ይሻላል እላለሁ፤ ግን አላደርገውም" አለች። ከእናቷ ጋር ሆነን ሐሳቡ ከጠነከረ ለማን እንደምትናገር፣ ማታ ቢሆን ወዴት እንደሚሄዱ ተነጋግረን ጻፍን። አብራኝ የምትሠራ የሥነ አእምሮ ሐኪምም አየቻትና ፍሉኦክሰቲን የተባለ መድኃኒት በ20 ሚሊግራም ጀመረችላት።

ሐሳብን ማባረር ለምን አይቻልም

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ አንድ ነገር አብረን ሞከርን። "ለአንድ ደቂቃ የፈለግሽውን አስቢ፤ ስለ ነጭ ጅብ ብቻ አታስቢ። ከመጣብሽ ጠረጴዛውን አንኳኪ" አልኳት። ዘጠኝ ጊዜ አንኳኳች። መጨረሻ ላይ ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ሙከራ ነው። ተማሪዎችን ለ5 ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ነገራቸው፤ ባሰቡ ቁጥር ደወል ይመታሉ። ደወሉ ተመታ። በኋላ "አሁን ማሰብ ትችላላችሁ" ሲባሉ፣ ከጅምሩ እንዲያስቡ ከተፈቀደላቸው ይልቅ እነሱ ስለ ድቡ አብዝተው አሰቡ። አእምሮ አንድን ሐሳብ ለማባረር መጀመሪያ መኖር አለመኖሩን መፈተሽ አለበት። ሲፈትሽ ያገኘዋል።

ከዚያ ሌላ እውነት ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት በ13 አገሮች 777 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠይቆ ነበር። 94 በመቶ የሚሆኑት ባለፉት ሦስት ወራት ያልፈለጉት፣ ድንገት የገባ ሐሳብ እንደመጣባቸው ተናገሩ። ሕፃን መወርወር፣ ሰው መግፋት፣ በተቀደሰ ቦታ መሳደብ፣ ሁሉም አለበት። አብዛኛው ሰው "እንዴ፣ ይህ ደግሞ ምን ነው?" ብሎ ያልፈዋል። እሷ ዘንድ ግን ሐሳቡ ፍርድ ሆነ፦ "ይህ ከመጣብኝ እንዲህ ያለች ሰው ነኝ ማለት ነው።" በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ኃጢአት በኀልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር ይሠራል ይባላል፤ በማሰብ፣ በመናገር፣ በማድረግ። እሷ ኀልዮ የሚለውን ቃል በአእምሮዋ ለሚያልፍ ነገር ሁሉ ሰጠችው።

ፍርሃቱን ለማስታገስ ስትል ቆጠራ ትደግማለች፣ ንስሐ ትገባለች፣ እናቷን ትጠይቃለች። ለግማሽ ሰዓት ይቀልላታል። ያ ግማሽ ሰዓት ነው አባዜውን የሚመግበው፤ ምክንያቱም አእምሮዋ "የዳንኩት ስለደገምኩ ነው" ብሎ ይማራል። ሕክምናው ታዲያ ሐሳቡን ማጥፋት ሳይሆን፣ ሐሳቡ እያለ ድግግሞሹን መተው ነው። መንገዱን የጀመረው ቪክተር ሜየር ነው፤ ለንደን ውስጥ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1966 የሁለት ታካሚዎችን ጉዳይ አሳተመ። አንዷ የጽርፈት፣ ማለትም አምላክን የመሳደብ ሐሳብ የሚያስጨንቃት ሴት ነበረች። ታካሚዬ ይህን ስትሰማ "ከእኔ በፊትም ነበረች?" ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ።

የእኔ ስሕተት

የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት አባክኛለሁ። በደግነት ነው ያባከንኳቸው።

እያንዳንዱ ቀጠሮ ላይ "ይህ ኃጢአት አይደለም፤ ሕመም ነው" እያልኩ አስረዳታለሁ። ፊቷ ይፈታል፤ ደስ ብሏት ትሄዳለች። ከሁለት ሰዓት በኋላ በቴሌግራም ትጽፋለች፦ "ግን ሐሳቡ ሲመጣ ትንሽ ደስ ያለኝ ከመሰለኝስ?" እመልሳለሁ። እንደገና ትጽፋለች። አንድ ቀን ማታ ስልኬን ስመለከት በዚያን ዕለት 11 መልእክት መልሼላት ነበር። የእናቷን ሽምብራ አስታወስኩ። እኔ 35ኛው ሽምብራ ሆኛለሁ።

ሌላም አለ። ፍርሃቷን እንድታረጋጋ በዝግታ መተንፈስ አስተምሬያት ነበር። በሳምንቱ መጥታ "አራት ጊዜ በትክክል ካልተነፈስኩ አይቆጠርም አይደል?" አለችኝ። ትንፋሹም ቆጠራ ሆነ። አስቆምኩት።

በአምስተኛው ሳምንት በግልጽ ይቅርታ ጠየቅኋት። "እስካሁን የመለስኩልሽ ረድቶሽ ሳይሆን አባዜውን መግቦት ነው። ከዛሬ ጀምሮ 'ኃጢአት ነው አይደለም?' ለሚል ጥያቄ አልመልስም። ለሌላው ሁሉ አለሁ" አልኳት። ተከፋች። ግን ገባት።

ከንስሐ አባቷ ጋር

በፈቃዷ ንስሐ አባቷን ለማግኘት ሄድኩ። ከማኅሌት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ከዋርካ ሥር ተቀመጥን። በዕድሜ የገፉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ካህን ናቸው። ሊቆጡኝ ይችላሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን "እኔም ደክሞኛል ልጄ። 40 ስግደት ስሰጣት 400 ሰግዳ ትመጣለች። ጉልበቷ ቆስሏል። ምን እንደማደርጋት ጠፍቶኛል" አሉ።

ሕመሙን አስረዳኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ከግብፅ በረሃ አባቶች የሚነገር ታሪክ ነገሩኝ። አንድ ወንድም ወደ አንድ አባ መጥቶ "ብዙ ክፉ ሐሳብ ይመጣብኛል፤ አደጋ ላይ ነኝ" ይላል። አባ ወደ ውጭ ያወጡትና "ልብስህን ዘርግተህ ነፋሱን ያዘው" ይሉታል። "አልችልም" ይላል። "እንግዲያው ሐሳብም እንዳይመጣ መከልከል አትችልም። የአንተ ሥራ አለመቀበል ነው" ይሉታል። እኔ በነጭ ጅብ ላስረዳ የለፋሁትን እሳቸው ከእኔ በተሻለ ያውቁት ነበር። የሐሳብ መምጣትና ለሐሳቡ ፈቃድ መስጠት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለእሷም እሳቸው ራሳቸው ነገሯት። አንድ ጊዜ ብቻ።

"አንድ ጊዜ ብቻ" የሚለው ላይ ነበር ስምምነታችን። ንስሐ በወር አንድ ቀን ይሆናል። አንዴ የተናዘዘችው አይደገምም። በስልክ ብትጠይቃቸው "ነግሬሻለሁ ልጄ፤ እግዚአብሔር ያበርታሽ" ብለው ይዘጋሉ። ተጨማሪ ስግደት የለም። በጾም ቀን ጥርሷን በውኃ ትቦርሻለች፤ የምትቆርብበት ዕለት ብቻ ይቀራል። እኔም በበኩሌ ቃል ገባሁ። ከአንድ ምእመን የማይጠበቅ ነገር አላስደርጋትም፤ እንድትሳደብም ሆነ የተቀደሰ ነገር እንድትንቅ አላዛትም። እንደ ጎረቤቷ እንድትጸልይና እንድትጾም ነው የምፈልገው። ካህኑ "እሱማ የእኔም ምኞት ነው" አሉ።

ደረጃ በደረጃ

የምትፈራቸውን ነገሮች ከ0 እስከ 100 ነጥብ እየሰጠች ደረደረቻቸው። ሶፍት ሳይዙ መውጣት 30፣ በጾም ቀን መቦርሽ 50፣ ቆጠራን ሳይደግሙ መጨረስ 65፣ ስለ መንፈስ ቅዱስ ስድብ የሚናገረውን የማቴዎስ ወንጌል 12፥31 አንድ ጊዜ አንብቦ ትርጓሜ ሳይፈልጉ መዝጋት 80፣ ቅዳሴ እስከ መጨረሻ መቆም 90፣ መቁረብ 100።

እዚህም ቸኮልኩ። የልደት በዓል ቀርቦ ስለነበር በቅዳሴው እንጀምር አልኩ። ግማሽ ላይ ወጥታ ሮጠች፤ ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣችም። ከ90 መጀመር አልነበረብኝም። ተመልሰን ከ30 ጀመርን።

ጥርስ የመቦረሹን ቀን በደንብ አስታውሰዋለሁ። ረቡዕ ነበር። ብሩሽና የጥርስ ሳሙና ይዛ ቢሮዬ መጣች። ከመጸዳጃ ቤቱ መታጠቢያ ፊት ቆመን ቦረሸች፣ ተጉመጠመጠች፣ ተፋች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደግማ ልትተፋ ስትል "አንዴ ብቻ" አልኳት። ፍርሃቷ ስንት እንደሆነ በየአምስት ደቂቃው ጠየቅኋት። 70፣ 75፣ 70፣ 55። በ40ኛው ደቂቃ 30 ሆነ። "ምንም ሳላደርግ ወረደ" አለች። ልትማረው የሚገባው ይሄው ነበር፤ በቃል ልሰጣት ያልቻልኩት።

ቆጠራው ከበደ። ስድቡ ቢመጣም 41 ላይ ደርሳ መስቀሉን ተሳልማ መተኛት ነበረባት። መጀመሪያ ሳምንት ከሰባት ሌሊት ሁለቱን ብቻ ቻለች። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ስድስቱን።

እናቷ ደግሞ ሌላ መልስ ተለማመዱ። "ዋጥኩ እንዴ?" ስትላቸው "ይህ የአባዜው ጥያቄ ነው የኔ እናት፤ ነይ ቡና እናፍላ" ይላሉ። ለእሳቸው ይህ ጭካኔ ይመስላቸው ነበር። "ልጄ እያለቀሰች እንዴት ዝም እላለሁ?" ብለው ፊቴ አልቅሰዋል። ሽምብራው ግን በየሳምንቱ ቀነሰ። 34 የነበረው በሁለት ወር 5 ሆነ።

መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እረፍት ነሳት፤ እንቅልፏም ቀነሰ። ሐኪሟ አስቀድማ ነግራት ስለነበር አላቆመችውም። ቀስ በቀስ ወደ 40፣ ከዚያ ወደ 60 ሚሊግራም ከፍ አለ። ለዚህ ሕመም ብዙ ጊዜ ለድብርት ከሚሰጠው ከፍ ያለ መጠን ያስፈልጋል፤ ውጤቱ እስኪታይም 8 ወይም 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በዐቢይ ጾም "ክኒኑ ጾሜን ይሽራል" የሚል አዲስ ጭንቀት መጣ። ከሐኪሟና ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግረን ሰዓቱን ከጾም መፍቻ በኋላ ወደ 9 ሰዓት አዞርነው። ይህን ባንጠይቅ ኖሮ 55 ቀን ሙሉ ሳትወስድ ትቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ምን ተገኘ፣ ምን ቀረ

በ20ኛው ሳምንት መለኪያው 12 አሳየ። ከ8 እስከ 15 ያለው ቀላል የሚባለው ነው። ጸሎቷ 25 ደቂቃ ይወስዳል። በፍልሰታ መጨረሻ ቆረበች። ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደወለችልኝና "መጣ እኮ፤ ልክ ስቀበል መጣ። ተቀበልኩ" አለች። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ሁሉም አልተስተካከለም። ሁለቱ ጥርሶቿ ተነቅለዋል። ሐሳቡ አሁንም ይመጣል። መስከረም ላይ መድኃኒቱ ከፋርማሲዎች ጠፍቶ አንድ ወር ተኩል ያህል ሳትወስድ ቀረች። በኅዳር ወደ 19 ወጣች፤ ወደ ንስሐ አባቷም በሳምንት ሁለት ጊዜ መደወል ጀመረች። እሳቸው ናቸው "ልጅቷ እየተመለሰች ነው" ብለው የደወሉልኝ። አራት ቀጠሮ ይዘን፣ መድኃኒቱም ተገኝቶ፣ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። አሁን የሦስት ወር መጠባበቂያ ቤት ታስቀምጣለች።

ለሌላ ጉዳይ የሚያገለግል

"ድምፅ ይሰማሻል?" የሚለው ጥያቄ በአማርኛ ብቻውን አይበቃም። ሰው ስለ ራሱ ሐሳብ ሲናገር "ይናገረኛል"፣ "ይለኛል" ማለቱ የተለመደ ነው። የማን እንደሆነና በጆሮ ይሰማ እንደሆነ መጠየቅ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። እሷን ከሁለት ወር የተሳሳተ መድኃኒት ያድናት ነበር።

ማረጋጋት ሁልጊዜ እርዳታ አይደለም። ሐዘንተኛን እናረጋጋለን፤ በአባዜ የተያዘን ሰው ግን ማረጋገጫ በሰጠነው ቁጥር ነገ ሌላ ይፈልጋል። ይህ ለቤተሰብ በጣም ይከብዳል። ስለዚህ "አትመልሱላት" ብሎ መሄድ አይበቃም፤ በምትኩ ምን እንደሚሉ ቃል በቃል ማለማመድ ያስፈልጋል። በአንድ ጊዜም ማቋረጥ የለበትም። እኛ ከ34 ወደ 25፣ ከዚያ ወደ 15 እያልን ነው የወረድነው።

የሃይማኖት አባትን አለማካተት፣ እንዲህ ባለ ጉዳይ፣ ግማሹን ሕክምና መተው ነው። እኔ ሺህ ጊዜ ብናገር ስለ ኃጢአት የምናገርበት ሥልጣን የለኝም። ከሙስሊም ታካሚ ጋር ስሠራም የምጠይቀው የሚያምኑትን ሸኽ ነው። ሁሉም አባት እንደ እኚህ ካህን ላይሆኑ ይችላሉ፤ አንድ ጊዜ "ጋኔን ነው፣ ክኒን ጣዪ" የተባለች ሌላ ታካሚ ነበረችኝ። ቢሆንም አስቀድሞ ተጠርጥሮ መታለፍ የለባቸውም። ሲያገኟቸው በአክብሮት መስማት፣ የእነሱን ቃላት መማር፣ ምን እንደምንፈልግ በግልጽ መናገር ብዙ በር ይከፍታል።

የጥርስ ሐኪም፣ የቆዳ ሐኪም፣ አለቃ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፣ እነዚህ ሰዎች ከእኛ ቀድመው ያዩታል። የተሰነጠቀ እጅ፣ የቆሰለ ጉልበት፣ ሁልጊዜ ማርፈድ፣ አንድ ጥያቄ አሥር ጊዜ መጠየቅ። "ለምን?" ብሎ ሳይቆጡ መጠየቅ ይበቃል።

አሁን ያለችበት

በአንድ አነስተኛ ድርጅት ሒሳብ ትሠራለች። በሦስት ወር አንድ ጊዜ እንገናኛለን። ባለፈው ስትመጣ አዲስ መቁጠሪያ ይዛ ነበር። አሮጌውን ምን እንዳደረገችው ጠየቅኋት። እናቷ ሽምብራ ይጥሉበት በነበረው ብርጭቆ ውስጥ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። ከዚያ ሰዓቷን አየችና "ከሰዓት ደመወዝ እከፍላለሁ፣ ልሂድ" ብላ ተነሣች። ቀጠሮው ሊያልቅ 15 ደቂቃ ይቀረው ነበር።